ቀሪው ነው ቁም ነገሩ

7514ን የሒሳብ አስተማሪ ቢያገኘው በትኖ 2 × 13 × 17 × 17 ይለዋል። የባሕረ ሐሳብ መምህር ግን ይህ ብትን ምንም አይሠራለትም። እሱ የሚፈልገው ቁጥሩ ሲካፈል የሚተርፈውን ነው።

7514 የ2014 ዓ.ም. ሌላ ስሙ ነው፤ 5500 ዓመተ ፍዳ ሲደመርበት ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 ስናካፍለው 2 ይቀራል፤ ዘመነ ማርቆስ። ለ19 ስናካፍለው 9 ይቀራል። ከ9 ላይ አንድ ሲነሣ 8፣ ይህ ወንበር ነው። 8 በ19 ሲባዛ 152፤ በ30 በ30 ስንገድፈው 2 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል። ጥቅምት 2 ማክሰኞ ነበር፤ የማክሰኞ ተውሳክ 5 ነው። 2 እና 5፣ 7፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 7 ገባ። የፋሲካን ተውሳክ 9ን ስንጨምር 16፤ ፋሲካ ሚያዝያ 16 ዋለ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን ሞዱሎ ብለን ተማርነው፤ ኮድ ላይ አንዲት የፐርሰንት ምልክት ናት። የአብነት ተማሪ ግን በቃሉ ይዞት ይሄዳል።

ለፕሮግራመር ሌላ አቋራጭም አለ። የጨረቃው ዙር 19 ዓመት ነው። የሳምንቱ 7 ቀንና የአራቱ ወንጌላውያን ዙር ሲባዙ ደግሞ 28። 19 እና 28 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት ከ532 ዓመት በኋላ ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር ይሉታል። 532 በ7514 ውስጥ 14 ጊዜ ገብቶ 66 ይተርፋል። በ1482 ዓ.ም. የነበረው ቀሪም ያው 66 ነው፤ የያኔውም ፋሲካ ሚያዝያ 16 ነበር። በ2546ም እንደዚያው ነው። እና 532 መስመር ያለው ሰንጠረዥ ስልክ ላይ ከጫንን ማስላት ለምን ያስፈልጋል?

2014 ላሊበላ ላይ እንዴት እንደገባ እናስታውስ። ጦርነቱ በ2013 ክረምት ከተማዋ ደርሷል። እንቁጣጣሽ ሲመጣ መብራት የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ባንክም የለም። ባትሪው በሞተ ስልክ ውስጥ ያለ ሰንጠረዥ፣ ያው እንደሌለ ነው። የላስታ ገበሬ ግን ጾሙ መቼ እንደሚገባ ማወቅ አለበት፤ የልጁን ሰርግ የሚደግሰው ከዚያ በፊት ነው። ዐቢይ ጾም ከነነዌ 14 ቀን በኋላ፣ የካቲት 21 እንደሚገባ ለማወቅ ሰርቨር አያስፈልግም። ማካፈል የሚያውቅ አንድ ሰው በቂ ነው።

ለዚህ ነው ካላንደር አፕ ስንሠራ ቀኑን ብቻ ማሳየት አይበቃም የምለው። ፋሲካን የነካ ሰው ወንበሩንም፣ መጥቅዑንም፣ ተውሳኩንም በተርታ ይይ። ሦስት አራት ጊዜ ካየው፣ የሚቀጥለውን ዓመት ስልኩን ሳይከፍት ራሱ ያወጣዋል።