አሮጌ ትራምፔት ለጀማሪ ተማሪ

ብዙ ሰው «ለጀማሪ ምንም ይበቃዋል» ሲል እንሰማለን። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። የሠለጠነ ነፊ የመሣሪያውን ጉድለት በልምዱ ይሸፍነዋል። ጀማሪ ግን ጥፋቱ የመሣሪያው ይሁን የራሱ መለየት ስለማይችል ራሱን ይወቅሳል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ዕድሜው አሥራ ሦስት ሲሆን በአንድ የሰፈር ማርሽ ባንድ ውስጥ በውሰት ትራምፔት ይለማመድ ነበር። ስድስት ወር ቢለፋም ድምፁ ከንፋስ አላልፍ ስላለ «አንተ ትንፋሽ የለህም፣ ከበሮ ይሻልሃል» ተባለ። ልጁም አመነ። እናቱ ግን የዕቁብ ብራቸውን ይዘው መጡና «አንተ እኮ የሙዚቃ ተማሪ ነህ፤ አንድ ደህና ጥሩንባ አጋዛን። የዕድር ጥሩንባ እንዳይሆን ብቻ!» አሉኝ።

በአገራችን የማርሽ ባንድ ታሪክ ረጅም ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች ከዚህ ታሪክ የማይረሱ ናቸው። ታዲያ አሮጌ ትራምፔት ፈልጎ ማግኘት አላስቸገረንም። ያስቸገረው መምረጡ ነበር።

ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሱቅ ሁለት ትራምፔት ቀረበልን፤ አንዱ የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው የደበዘዘና አፉ ላይ የጎደጎደ። እናትየው ዓይናቸው የሚያብረቀርቀው ላይ አረፈ። እኔ ግን «እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱኝ» ብዬ ሁለቱንም ፈተሽኩ። የአንደኛውን ፒስተን ቱቦ፣ ፒስተኑን ሳልጫን፣ ትንሽ ወደ ውጭ ሳብኩና ቆይቼ ፒስተኑን ተጫንኩ። አየር የማያስወጣ መሣሪያ በዚህ ጊዜ «ጧ» ይላል። የደበዘዘው ጧ አለ፤ የሚያብረቀርቀው ዝም። በተጨማሪም በሚያብረቀርቀው የመንፊያ ቱቦ ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ። ናስ የመዳብና የዚንክ ቅልቅል ነው። የትንፋሽ እርጥበት ዚንኩን ቀስ በቀስ ሲበላው መዳቡ ብቻ ይቀርና ቱቦው ይሳሳል። ይህን ደግሞ ምንም ዓይነት መወልወል አያድነውም። ስለዚህ የደበዘዘውን ገዛን፤ ዋጋውም ቀነስ ያለ ነበር።

ቤት ስንደርስ ልጁ ሎሚና አመድ ይዞ መጣ። «ተው! አመድ ፒስተኑን ይፍቀዋል» አልኩት። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ቱቦዎቹን አጠብን፤ የወጣውን አረንጓዴ ቆሻሻ አለመናገር ይሻላል። ፒስተኖቹ 1፣ 2፣ 3 ተብለው ተቆጥረዋልና አንዱ በሌላው ቦታ እንዳይገባ ለየብቻ አስቀመጥናቸው። የደረቀው ማስተካከያ ቱቦ አልወጣ ሲል በጉጠት አልታገልነውም፤ ዘይት ጠብ አድርገንበት አሳደርነው፣ በነጋታው በእጅ ወጣ። የምራቅ መውጫው ቡሽ አልቆ ስለነበር ከጠርሙስ ቡሽ ቆርጠን አዲስ ሠራንለት። የጎደጎደውን ግን ተውነው፤ ያ የመልክ እንጂ የድምፅ ችግር አልነበረም።

በመጨረሻም ፒስተኖቹን የራሳቸውን ቀጭን ዘይት ቀብተን ገጣጠምንና ሰጠሁት። ሲነፋ መጀመሪያ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ግን ጥርት ብሎ ወጣ። ልጁ ከአፉ አውርዶ ትክ ብሎ አየኝና «ትንፋሽ አለኝ ማለት ነው?» አለኝ። ያ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ስድስት ወር ሙሉ ትንፋሹ የትም አልሄደም፤ በማይዘጋ ፒስተን በኩል ይፈስ ነበር እንጂ።

ውድ አንባብያን፣ ነገ አብዛኞቻችን አስተማሪዎች እንሆናለን። አንድ ተማሪ «አልቻልኩም» ሲለን ከመፍረዳችን በፊት መሣሪያውን ተቀብለን ራሳችን እንንፋው። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያድነው ግን አንድ ሙዚቀኛ ሊሆን ይችላል።