የዝገት ቀለም

እንግዳ ሊመጣ ነው በተባለ ቁጥር በዋናው መንገድ ዳር ያለው አጥር ብቻ ቀለም በሚቀባበት ከተማ ላደገ ሰው፣ ቀለም ማለት የገበና መሸፈኛ ነው። የባቡር ድልድይ ቀለም ግን ሥራ አለው። ብረቱን ከአየርና ከውሃ ይጋርዳል፤ ጋሻው ሲሳሳ ብረቱ መበላት ይጀምራል።

በስኮትላንድ በፎርዝ ወሽመጥ ላይ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመረቀው ድልድይ ቀይ ነው። ቀይነቱ የሰዓሊ ምርጫ አይደለም። ቀለሙ የሚሠራበት የብረት ኦክሳይድ ርካሽና ፀሐይ የማያደበዝዘው በመሆኑ ነው። የሚያስገርመው፣ ይህ ዱቄት በኬሚስትሪው የዝገት የቅርብ ዘመድ ነው፤ ድልድዩ ከዝገት የሚጠበቀው የዝገትን መልክ ለብሶ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ቀይ ላይ ዝገት ቶሎ ዓይን አይገባም። ነጣ ያለ ግራጫ የሚመርጡ መሐንዲሶች ምክንያታቸው ይኸው ነው፦ ስንጥቁንም ዝገቱንም ያጋልጣል። (የመንግሥት ሪፖርቶቻችን በየትኛው ቀለም እንደሚጻፉ አንባቢ ይፍረድ።)

እንግሊዞች ማለቂያ የሌለውን ሥራ የፎርዝን ድልድይ ከመቀባት ጋር ያመሳስሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 ግን የዘመናት ቀለም እስከ ባዶው ብረት ተፍቆ፣ ድልድዩ ከ20 ዓመት በላይ ይዘልቃል በተባለ ሦስት ድርብ አዲስ ቀለም ተቀባ። ከሩቅ ለሚያየው ያው ቀይ ነው። ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን ወጣ።

በሁለት ምሰሶዎች መካከል 521 ሜትር የሚዘረጋውን የፎርዝን ክብረ ወሰን በ549 ሜትር የነጠቀው የካናዳው የኩቤክ ድልድይ ዕጣው ሌላ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1907 ገና በግንባታ ላይ ሳለ ተደርምሶ 75 ሠራተኞች አልቀውበታል። ሥራ የጀመረው በ1917 ነው፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ በደረሰበት ዓመት መሆኑ ነው። በ1993 መንግሥት ድልድዩን ካናዲያን ናሽናል ለተባለው የራሱ የባቡር ድርጅት አስረከበ፤ በ1995 ደግሞ ድርጅቱን ለባለአክሲዮኖች ሸጠው። በ1997 ለእድሳቱ 60 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። በ2005 ገንዘቡ ሲያልቅ የተቀባው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ድልድዩ ሁለት መልክ ይዞ ቆመ፤ ከፊሉ ቀለም፣ ከፊሉ ዝገት። በኩባንያው ዘንድ ቀለሙ የመልክ እንጂ የደኅንነት ጉዳይ አልነበረም። መንግሥት በ2007 ከሰሰ፤ ፍርድ ቤቱ በ2014 ለኩባንያው ፈረደ። እኔ በፍርዱ አልገረምም፤ ውሉ ላይ ያልተጻፈን ግዴታ ከባለአክሲዮን ኪስ ማውጣት የሚቻለው ዳኛ የለም። የሚገርመኝ ሰነዱን ያረቀቀው መንግሥት፣ ብረት እንደሚዝግ የዘነጋ መምሰሉ ነው።

በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት ድልድዩን በአንድ ዶላር መልሶ ገዛ። ለእድሳቱ በ25 ዓመታት ውስጥ የሚወጣው ወጪ 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።