«ምርጥ ዘር» እስከ መቼ ምርጥ ነው?

የማጠናው ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ስንዴ በሽታ እንዳስብ ያደረገኝ ግን የምኖርበት ከተማ ነው። ሴንት ፖል፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ግቢ ውስጥ፣ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የእህል በሽታዎች ላቦራቶሪ አለ። ዋግ የመታው የኢትዮጵያ ስንዴ ናሙና እዚህ ድረስ ይመጣል። የውጭ አገር ናሙና የሚመረመረው በብርዱ ወራት ነው፤ የፈንገሱ ብናኝ ቢያመልጥ እንኳ ውጭ የሚያርፍበት ለምለም ስንዴ አያገኝም። እኛ ሐበሾች የምናማርረው ብርድ ለእነሱ አጥር ነው።

አጎቴ ባሌ ውስጥ ገበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን ስንዴ ሲፈጀው፣ እንደ ጎረቤቶቹ ወደ ዲጋሉ ዞረ። ዲጋሉ ቢጫ ዋግን ይችል ነበር፤ ከኡጋንዳ ተነሥቶ ዓለምን ያስደነገጠውን፣ ዩጂ 99 የተባለውን የግንድ ዋግም ይቋቋም ነበር። በ2013 መጨረሻ ግን ሌላ የግንድ ዋግ ዝርያ መጣና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ አወደመ። አጎቴ በስልክ የነገረኝ በሁለት ቃል ነው፤ «ዋግ መታው።» የማዳበሪያውን ዕዳ ግን ዋግ አልመታውም።

ያ ዝርያ እዚህ ባለ አምስት ፊደል ስም አለው፤ ቲ፣ ኬ፣ ቲ፣ ቲ፣ ኤፍ። ባለሙያዎቹ ብናኙን በ20 የስንዴ ዓይነቶች ላይ ይረጩታል፤ እያንዳንዱ ዓይነት አንድ የታወቀ የመቋቋም ዘረ መል ይዟል። አራት አራቱ ተጣምረው አንድ ፊደል ያስገኛሉ። ስሙን ማንበብ የሚችል ሰው በሽታው የትኛውን ዘረ መል እንደሚያልፍ ያውቃል። ዲጋሉን ከግንድ ዋግ የጠበቀው ዋነኛ ዘረ መል አንድ ነበር፤ አዲሱ ዝርያ ያንን አለፈው።

«ምርጥ ዘር» ሲባል ምርጫው ያለቀ ይመስላል። ፈንገሱ ግን መለወጡን አይተውም፤ ሰፊው ማሳ ሁሉ አንድ ዓይነት ስንዴ ሲሆን ደግሞ አንዱን የቻለ ሁሉንም ይችላል። አዳቃዮች ዛሬ በአንድ ዘር ውስጥ ብዙ ዘረ መሎችን ለመደረብ የሚደክሙት ለዚህ ነው። ትግራይ ውስጥ ገበሬው ስንዴና ገብስ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ሐንፈጽ ይሉታል። አንድ ነገር ላይ ብቻ አለመተማመን አዲስ ጥበብ አይደለም።

አጎቴም አሁን ሦስት ዓይነት ስንዴ ይዘራል። ምርጡ የትኛው እንደሆነ ብጠይቀው፣ «እሱ ከአጨዳ በኋላ ነው የሚታወቅ» አለኝ።