ሞጣን ሳስብ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. አርብ ዕለት፣ ምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ ውስጥ መስጊዶች ተቃጠሉ። የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ነደዱ። ሰበቡ ቤተ ክርስቲያን ላይ የተነሣ እሳት ነው ተባለ። ያንን እሳት መመርመር የፖሊስ ሥራ ሆኖ ሳለ ፍርዱ በወሬ ተሰጠ፤ ቅጣቱም ምንም በማያውቅ ጎረቤት ላይ አረፈ።

«ያለፈ ቁስል ለምን ትነካካለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የምነካካው ስላልዳነ ነው። መስጊድ ይሠራ አይሠራ የሚል ጭቅጭቅ በሰማሁ ቁጥር ሞጣ ትታየኛለች።

የመሬት ጥያቄ ካለ በካርታና በይዞታ ማስረጃ ማዘጋጃ ቤት ይታያል። «እዚህ ቦታ የላችሁም» ማለት ግን የመሬት ጥያቄ አይደለም። በገበያ አብረን እየዋልን፣ በለቅሶ አንድ ድንኳን ሥር እየተቀመጥን፣ ወንድማችን የሚሰግድበትን ቤት እንዴት እንነፍገዋለን? ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች ለሃይማኖት እኩልነት አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተው ነበር። ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው እንጂ!

የጎጃም አባቶቼ፣ ቀሳውስትና የአገር ሽማግሌዎች፦ ወሬ ሲነሣ ቀድማችሁ ውጡ፤ ክብሪት ያነሣውን ወጣት እጁን ያዙት።