ዳሽቦርዱን ከልጄ ጋር ስንሠራ

«ኪት ካር» ስለሚባለው ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ባለንበት በእንግሊዝ አገር የቆየ ሱስ ነው። ሻጩ ሻሲውን፣ አካሉንና ልዩ ልዩ ዕቃዎችን በሣጥን አድርጎ ይሰጣችኋል። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የቀረውን ደግሞ ከአሮጌ መኪና ፈታችሁ ታመጡና ቤታችሁ ትገጣጥማላችሁ። የብዙዎቹ አባት የሚባለው ሎተስ ሰቨን በ1957 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፤ ከ1973 ወዲህ ደግሞ ካተርሃም የሚባለው ድርጅት ይሠራዋል። የኛም የእሱ ቢጤ ነው፤ ሁለት ወንበር ያለው፣ ጣሪያ የሌለው፣ ሞተሩ ከአሮጌ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 የወጣ። እናቴ በስልክ ስነግራት «ልጄ፣ እዚያ አገር ተሠርቶ የሚሸጥ መኪና ጠፋ እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሥራው ርካሽም አይደለም፣ ቶሎም አያልቅም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዳሽቦርዱ ብቻ ነው። ከመኪናው ሁሉ ልጅ እጁን ሊያስገባበት የሚችለው፣ ሠርቶም የሚታይለት እሱ ነው። ፍሬንና መሪ ለልጅ አይሰጥም። የዳሽቦርድ መጀመሪያው ግን ካርቶን፣ መቀስና እርሳስ ነው።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ የተወለደችውም እዚሁ ነው። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ በእንግሊዝኛ ነው። ይህን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከአያቷ ጋር በስልክ ስትገናኝ ወሬው «ደህና ነኝ፣ እሺ፣ ቻው» ነው። እናቴም ስልኩን ስቀበላት «ድምጿን እንኳ ሰማሁ» ትለኛለች። እንዲህ ስትል ምን ብዬ እንደምመልስላት ይጠፋኛል።

ወደ ሥራው ልመልሳችሁ። ለዳሽቦርድ የመጣልን ባዶ የአልሙኒየም ላሜራ ነው፣ 2 ሚሊ ውፍረት ያለው። ምኑ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ሠሪው ነው። በሱቅ መኪና ይህን ማንም ጠይቋችሁ አያውቅም። ካርቶኑን በላሜራው ልክ ቆርጠን ቦታው ላይ አሰርነው፤ የጌጆቹን ክብ ከወረቀት ቆርጠን ለጠፍንበት። ከዚያ በየተራ ወንበሩ ላይ ተቀመጥን። እኔ ረጅም ነኝ፣ እሷ አጭር ናት። እኔ ከመሪው በላይ የማየውን እሷ በመሪው ቀዳዳ ውስጥ ነው የምታየው። ወረቀቶቹን ስናዛውር አንድ ሙሉ ቅዳሜ አለቀ። ይህን ለመሥራት የምታስቡ ካላችሁ፣ ጊዜያችሁን በካርቶኑ ላይ አጥፉ። ላሜራ አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።

የቱ ጌጅ የት ይሁን በሚለው ተከራከርን። ሰው ሁሉ የሞተር ዙር የሚያሳየውን ትልቁን ጌጅ መሐል ያደርገዋል፤ ያምራል፣ የእሽቅድምድም መኪና ያስመስላል። እኔ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የዘይት ግፊት ነው እላለሁ። ነዳጅ ቢያልቅባችሁ በእግራችሁ ትሄዳላችሁ። የዘይት ግፊት ከወደቀ ግን ሞተሩን ለማጥፋት ያላችሁ ጊዜ በጣም አጭር ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። «ጌጅ የማያይ ሹፌር ሞተሩን ተበትኖ ያየዋል» ይል ነበር። ለልጄ በአማርኛ ነገርኳት፤ «ተበትኖ» ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወለሉ ላይ ተዘርግቶ የነበረውን የማዝዳውን ዕቃ አሳየኋት።

መሣሪያ ሳቀብላት ስሙን በአማርኛ ነበር የምጠራው፤ የእንግሊዝኛውን ስሙን እኔም አላውቀው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ። «ካቻቢቴ አማርኛ አይደለም!» ብላ ሳቀች። እውነት ነው፣ ከጣልያን የመጣ ነው፤ ላሜራም፣ ጎማም፣ ፍሪሲዮንም እንደዚያው። ፍሬቻ በጣልያንኛ ቀስት ማለት ነው። መካኒኮቻችን ወስደው የራሳቸው አደረጉት። ትንሽ አሰበችና «ስለዚህ እኔም ስቀላቅል ችግር የለውም ማለት ነው» አለች፤ እሱንም በእንግሊዝኛ።

ቀዳዳዎቹን የበሳሁት እኔ ነኝ፤ ሁለት ባለ 80 ሚሊ፣ አራት ባለ 52። እሷ መነጽር አድርጋ ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰች። እዚህ አገር እንዲህ ዓይነት መኪና መንገድ ላይ ከመውጣቱ በፊት «አይ ቪ ኤ» የሚባል ምርመራ አለበት። የተሳፋሪ ጭንቅላት የሚደርስበትን ቦታ ስፋቱ 165 ሚሊ በሆነ ኳስ ይለኩታል፤ ኳሱ የሚነካው ጠንካራ ጠርዝ ቢያንስ የ2.5 ሚሊ ክብነት ሊኖረው ይገባል። የ2 ሚሊ ላሜራ ጠርዝ የቱንም ያህል ቢሞረድ ይህን አያሟላም። ስለዚህ የታችኛውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጠፍነው፤ በላዩም ስስ ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ቆዳ በማስቲሽ ለጠፍን። ቆዳውን የወጠረችው እሷ ናት። አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ተሸብሽቧል፤ ሊነቀል ነው ስትል እኔ እምቢ አልኩ።

የነዳጅ ጌጅ ለምትገዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊና ጌጁ የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክ መከላከያ መጠን፣ ማለትም በኦም ነው፤ ሁሉም አንድ ቋንቋ አይናገሩም። አንዱ ዓይነት ለባዶ 10፣ ለሙሉ 180 ኦም ነው። በአሜሪካ የተለመደው ደግሞ ለባዶ 240፣ ለሙሉ 33 ነው። ሁለቱን ካጋባችሁ ባዶ ታንክ «ሙሉ ነኝ» ይላችኋል። ልጄ የተንሳፋፊውን ክንድ በእጇ ከፍ ዝቅ እያደረገች በመልቲሜትር ለካችው፤ 10 ሆኖ ጀምሮ 180 ላይ ቆመ። ጌጁን የገዛነው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍጥነት መለኪያውን በግዕዝ ቁጥር እናድርገው አለች። መርማሪው ማንበብ አለበት፣ ደግሞም ግዕዝ ዜሮ የለውም አልኳት። «ታዲያ መኪናው እንዴት ነው የሚቆመው?» አለችኝ። ቀልዱ በአማርኛ ነበር፤ እኔም እንዳላስተዋልኩ ሆኜ አለፍኩት።

በመጨረሻ ስድስተኛውን ቀዳዳ ለሰዓት ሰጠነው። ሰዓት ለምርመራው አያስፈልግም፣ እንደፈለጋችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ከ፩ እስከ ፲፪ ያሉትን ቁጥሮች ራሷ ሣለች፣ አሳተመች፣ በቀድሞው ፊት ላይ ለጠፈች። የሞላነውም በአገር ቤት ሰዓት ነው። እዚህ በብርዱ ወራት ከጠዋቱ 9 ሲሆን እዚያ ቀን 6 ሰዓት ነው፤ በሙቀቱ ወራት 5። ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትቀያይር በመጋቢትና በጥቅምት ያንን ሰዓት ማንም አይነካውም። አንድ ቅዳሜ አየችውና «አያቴ አሁን ምሳ በልታለች» አለች፤ ስልኬንም ተቀበለችኝ።

ላሜራውን፣ ሞረዱን፣ ፍሬቻውን ነገረቻት። ግሱ ሲጠፋት እንግሊዝኛ ትጨምራለች፤ እናቴም የሹፌር ሚስት ስለነበረች የዕቃዎቹን ስም አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። እኔ ገመድ እያሰርኩ ነበር፣ ጣልቃ አልገባሁም። እናቴ «የዘይቱ የት ነው ያለው?» ብላ ስትጠይቅ ተሰማኝ። «ፊት ለፊት፣ መጀመሪያ የሚታየው» አለቻት። «ጎበዝ። አያትሽም እሱን ነበር የሚያየው።» ከዚያ ስለ አባቴ ማውራት ጀመሩ፤ እኔ ሰምቼው የማላውቀውን፣ በረሃ ውስጥ መኪና ተበላሽቶበት ሦስት ቀን የቆየበትን ታሪክ ጭምር።

አሁን ገመዱ ነው የቀረን። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተን ነው የምንሠራው፤ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ፊውዝ አለው፣ ጫፉ ላይም ስሙ በአማርኛ ተጽፏል። የረጅም መብራት ምልክት የሆነችው ሰማያዊ አምፖል ገና አልገባችም። ለምርመራው ቀጠሮ የምንይዘው እሷ ከበራች በኋላ ነው።