ባልተወለደ ጥጃ የተገዛ በሬ

በማደሪያ ክፍላችን እራት ከተበላ በኋላ የሚነሣው ክርክር ስለ ፈተና ወይም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ ሊሆን ይገባው ነበር። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ድምፅ የሚያስነሣው፣ ከእኛ መካከል አንድም ሰው ሜዳው ላይ ተገኝቶ አይቶት የማያውቀው የአሜሪካን ፉትቦል ነው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት በዋሽንግተን አጠገብ የሚኖሩ በመሆናቸው፣ እርሱ ነገሩን ከልጅነቱ ጀምሮ እየሰማ አደገ፤ እኛን ደግሞ እርሱ አስለመደን። አሁን ሌሊት ጨዋታ ሲኖር አራት ሆነን በአንዲት ስልክ ላይ እናቀረቅራለን።

ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው። ስመ ጥር የሆነ ኳርተርባክ ለማግኘት ሲባል አንድ ክለብ ያለውንም ገና የሚመጣለትንም አሳልፎ ቢሰጥ ያዋጣዋል ወይስ አያዋጣውም? ጓደኛችን ያዋጣል ይላል። እኛ የቀረነው ሦስቱ ደግሞ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ገበያ ነው እንላለን። ክርክሩ በክፍላችን ውስጥ ስላላለቀ እነሆ ለአንባብያን አቀረብነው።

ጨዋታውን ለማያውቁ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። ከእያንዳንዱ ወገን 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ከእነዚህ መካከል ኳርተርባክ የሚባለው ኳሱን ከመሐል ተቀብሎ፣ ግዙፎች ሊጥሉት እየተጋፉ ሲመጡበት፣ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ለማን እንደሚወረውር የሚቈርጥ ሰው ነው። እርሱ ጎበዝ ከሆነ ደካማው ቡድን ደኅና ይመስላል፤ እርሱ ከደከመ ደኅናውም ቡድን ይደክማል። አዳዲስ ተጫዋቾች ወደ 32ቱ ክለቦች የሚገቡት በየዓመቱ በሚደረግ ድራፍት በሚባል የሰባት ዙር ምርጫ ነው። ባለፈው ዓመት ከሁሉ በላይ የተሸነፈው አስቀድሞ ይመርጣል፤ አሸናፊው በመጨረሻ። ይህም የተደረገው የወደቀው እንዲያገግም ነው።

ታዲያ ይህ የመምረጥ ተራ ራሱ እንደ ዕቃ ይለወጣል፤ የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የከርሞውና ከዚያ ወዲያ ያለውም ጭምር። በእኛ አገር ገበያ ቢሆን፣ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው «ላሜ እስከ ሦስት ዓመት የምትወልዳቸውን ጥጆች ውሰድ» ብሎ እንደ መዋዋል ነው። ገበሬ የሆኑት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ገዢ ምን ብለው እንደሚጠሩት አንባቢ ያውቃል።

ለጓደኛችን ፍርድ እንዳናጓድልበት አስቀድመን የእርሱን ማስረጃ እንስጥ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1983 ዴንቨር ብሮንኮስ ጆን ኤልዌይን ለማግኘት ሁለት ተጫዋቾችና የ1984ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ለባልቲሞር ኮልትስ ሰጠ፤ ኤልዌይም 16 የውድድር ዘመን ተጫውቶ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዘመኖች ሱፐር ቦውል የተባለውን ዋንጫ አስገኘ። በ1992 ግሪን ቤይ ፓከርስ አንድ የመጀመሪያ ዙር ተራ ለአትላንታ ሰጥቶ ብሬት ፋርቭን ወሰደ፤ በጥር 1997 ዋንጫውን በላ። በ2017 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ከ27ኛ ተራ ወደ 10ኛ ከፍ ብሎ ፓትሪክ ማሆምስን ለመምረጥ የሦስተኛ ዙር ተራና የ2018ን የመጀመሪያ ዙር ተራ ለበፋሎ ጨመረ፤ ማሆምስም በ2020፣ በ2023 እና በ2024 ሦስት ጊዜ ዋንጫውን አመጣለት።

ማስረጃው እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ በእነዚህ ሁሉ ከዘንድሮው አልፎ የተሰጠው የመጀመሪያ ዙር ተራ ቢበዛ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከሦስቱ አንዳቸውም በተገዙበት ቀን በዚያ ሊግ ገና ያበሩ ኮከቦች አልነበሩም። ኤልዌይና ማሆምስ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ነበሩ፤ ፋርቭም በአትላንታ አራት ጊዜ ብቻ ወርውሮ አንዱም ለጓደኛው እጅ ያልደረሰለት ተጠባባቂ ነበር። ስለዚህ እነርሱ ጥጃን አይቶ የማወቅ ምስክሮች ናቸው እንጂ፣ ስም ያወጣን በሬ በስሙ ልክ የመግዛት ምስክሮች አይደሉም።

አሁን ወደ ከባዱ ዋጋ እንሂድ። በ2012 የዋሽንግተን ክለብ ሮበርት ግሪፊንን ለመምረጥ ሲል ለሴንት ሉዊስ ራምስ የዚያን ዓመት የመጀመሪያና የሁለተኛ ዙር ተራ፣ እንዲሁም የ2013ን እና የ2014ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ሰጠ። የጓደኛችን አጎት ያን ጊዜ ቁጥር 10 የተጻፈበትን ማልያ ገዙ። ግሪፊን በመጀመሪያው ዓመት ድንቅ ሠራ፤ ከአዲሶቹ የማጥቃት ተጫዋቾች ሁሉ አንደኛ ተብሎ ተሸለመ። በጥር 2013 ግን ከሲያትል ጋር በተደረገው የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ጉልበቱ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞው ሰው አልሆነም። በታኅሣሥ 2014 ራምስ ዋሽንግተን ድረስ ሄዶ ሲጫወት፣ የሳንቲሙ ዕጣ በሚጣልበት ጊዜ አምበል አድርጎ ያሰለፋቸው በዚያ ልውውጥ ያገኛቸውን ስድስት ወጣቶች ነበር። ጨዋታው 24 ለ 0 አለቀ። ማልያው በሻንጣ ተጭኖ አዲስ አበባ መጥቶ አሁን የጓደኛችን የሌሊት ልብስ ሆኗል።

ከዚህ የከፋው በመጋቢት 2022 መጣ። ክሊቭላንድ ብራውንስ ዴሾን ዋትሰንን ከሂዩስተን ቴክሳንስ ለመውሰድ የሦስት ተከታታይ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ተራዎችን ከሌሎች ዝቅተኛ ተራዎች ጋር ሰጠ። በዚያም ላይ ቢጫወትም ባይጫወትም የሚከፈል የአምስት ዓመት 230 ሚሊዮን ዶላር ውል ጨመረለት። በዚያ ዓመት ለአንድ ክለብ ተጫዋቾች ሁሉ የተፈቀደው የደመወዝ ጣሪያ 208.2 ሚሊዮን ዶላር እንደ ነበረ ስናስብ ነገሩ ይገባናል። ዋትሰን ያን ጊዜ ከሃያ በላይ ሴቶች በፍትሐ ብሔር የከሰሱት ሰው ነበር፤ እርሱ ክሱን አስተባብሏል፤ የወንጀል ክስም አልተመሠረተበትም፤ ሊጉ ግን 11 ጨዋታ አግዶ 5 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ክለቡ ይህን ሁሉ እያወቀ ፈረመ። የሴቶቹን አቤቱታ እንደ አንድ የዋጋ ክፍል ቆጥሮ ማለፍ ከተራዎቹ ሁሉ የባሰ ኪሳራ ይመስለናል። ከዚያም በኋላ ትከሻው፣ በጥቅምት 2024 ደግሞ የተረከዙ ጅማት ተጎዳ፤ በሦስት ዘመን ውስጥ ከ51 መደበኛ ጨዋታዎች የተሰለፈው በ19ኙ ብቻ ነው።

በዚያው ወር ዴንቨር ለራስል ዊልሰን ሁለት የመጀመሪያ ዙር፣ ሁለት የሁለተኛ ዙርና አንድ የአምስተኛ ዙር ተራ ከሦስት ተጫዋቾች ጋር ለሲያትል ሰጠ። ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወትለትም የ245 ሚሊዮን ዶላር አዲስ ውል ፈረመለት። በሁለት ዓመቱ አሰናበተው፤ 85 ሚሊዮን ዶላርም በደመወዝ ጣሪያው ላይ ዕዳ ሆኖ ቀረ። በመስከረም 2023 ደግሞ ኒውዮርክ ጄትስ ብዙ ተስፋ የጣለበት አሮን ሮጀርስ በመጀመሪያው ጨዋታ አራት ምት እንኳ ሳይሞላ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ።

እዚህ ላይ ጓደኛችን ሁልጊዜ ከአልጋው ተነሥቶ፣ «ስታፎርድስ?» ይለናል። መልካም፣ ስታፎርድን እንይ። ያው በግሪፊን ጊዜ ሻጭ የነበረው የራምስ ክለብ በ2016 ወደ ሎስ አንጀለስ ከተመለሰ በኋላ ገዢ ሆነ። በ2021 ማቲው ስታፎርድን ከዲትሮይት ላየንስ ለመውሰድ የራሱን ኳርተርባክ ጃሬድ ጎፍን፣ አንድ የሦስተኛ ዙር ተራና የ2022ን እና የ2023ን የመጀመሪያ ዙር ተራዎች ሰጠ። በየካቲት 2022 ሲንሲናቲን 23 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫውን በላ። ይህን አዋጣ ያላልን እንደ ሆነ መቸም ምንም ነገር አዋጣ ልንል አንችልም።

ነገር ግን ራምስ ስታፎርድን ሲገዛ ምን ነበረው? በ2020 ዘመን ከሊጉ ሁሉ ጥቂት ነጥብ የተቈጠረበት መከላከያ ነበረው። አሮን ዶናልድን በ2014 በ13ኛ ተራ መርጦ አሳድጎታል። ጨዋታው ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ሲቀረው የማሸነፊያውን ኳስ የያዘው ኩፐር ከፕ በ2017 በሦስተኛው ዙር፣ በ69ኛ ተራ የተገኘ ነው። ቤቱ ተሠርቶ፣ ግድግዳው ተመርጎ፣ የጎደለው ምሰሶው ብቻ ነበር። ዋጋውም ደረሰ፤ በተከታዩ ዘመን ስታፎርድ ተጎድቶ ክለቡ 5 አሸንፎ 12 ተሸነፈ። ይሁን እንጂ አልፈረሰም፤ በ2023 በአምስተኛው ዙር፣ በ177ኛ ተራ የመረጠው ፑካ ናኩዋ 105 ኳስ ይዞ የአዲስ ተጫዋቾችን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክለቡም ወደ ጥሎ ማለፉ ተመለሰ። ትልቁን ተራ የሸጠ ክለብ የዳነው ማንም ያልፈለገውን ትንሽ ተራ በጥንቃቄ ስለ ጠበቀ ነው።

ክሊቭላንድም እኮ ባዶ ቤት አልነበረም፤ በ2020 ዘመን 11 ጊዜ አሸንፎ በጥሎ ማለፉ ፒትስበርግን ጥሏል። ልዩነቱ፣ ሰውዬው ቢወድቅ የሚቆምበትን እግር ሁሉ አብሮ መሸጡ ነው።

የሁለቱ ገበያ ሒሳብ በጥር 2024 በተከታታይ ሁለት ቀን ተተሳሰበ። በ13ኛው ቀን ሻጩ ሂዩስተን ገዢውን ክሊቭላንድን 45 ለ 14 ቀጣው፤ ከክሊቭላንድ ያገኘውን 12ኛ ተራ ጨምሮበት የመረጠው ዊል አንደርሰን በሜዳው ላይ ነበር፤ ዋትሰን ግን በትከሻው ምክንያት አልተሰለፈም። በማግሥቱ ሻጩ ዲትሮይት ገዢውን ራምስን 24 ለ 23 አሸነፈ፤ ኳሱን የሚወረውረው እንደ ትርፍ ዕቃ ተጨምሮ የተሰጠው ጎፍ ነበር። ራምስ ግን ዋንጫው በቤቱ ስለ ነበረ ሽንፈቱን ችሎ ሄደ።

ኬድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ሊቃውንት በ2013 ባሳተሙት ጥናት ይህን ገበያ መርምረዋል፤ ቴለር በ2017 በኤኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው። በአንድ የጨዋታ ቦታ ተከታትለው ከተመረጡት ሁለት ሰዎች ቀድሞ የተመረጠው ልቆ የተገኘው ከመቶ 52 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንቲም ከመጣል ብዙም አይርቅም። ከዚህም በላይ ክለቦቹ የመጪውን ዓመት ተራ የሚንቁበት መጠን በወለድ ቢሰላ በዓመት ከመቶ 136 ሆኖ ተገኘ። የአራጣ አበዳሪ እንኳ ይህን ሲሰማ ያፍራል። ከርሞ የሚመጣው ወጣት ስም የለውም፤ ፊቱ በጋዜጣ አልወጣም፤ ስለዚህ ርካሽ ይመስላል። በ2000 በስድስተኛው ዙር በ199ኛ ተራ የተመረጠው ቶም ብሬዲ ሰባት ዋንጫ እንደሚያመጣ ማን ያውቅ ነበር?

ስለ ሩቅ አገር ኳስ ይህን ያህል መሞቃችን ለምን እንደ ሆነ ጠይቀን እናውቃለን። ምናልባት ከመካከላችን ብዙዎቻችን በእንዲህ ያለ ገበያ የተገዛን ስለ ሆንን ይሆናል። አንዳችን ወደዚህ ሲመጣ ጊደር ተሽጣለታል፤ ታናሽ እኅቱም በዚያው ዓመት ከ7ኛ ክፍል ቀርታ ቤት ገባች። ወላጆቹን ሞኞች ናቸው የሚል ሰው ቢመጣ አብረን እንጣላዋለን፤ ያላቸው ተራ አንድ ብቻ ነበርና። ነገር ግን ለበዓል ወደ ቤት በሄደ ቁጥር፣ እናቱ ገና አገላብጠው ሳይስሙት፣ «ውጤትህ ስንት መጣ?» ብላ የምትጠይቀው ያቺው እኅቱ ናት። ዋጋውን የከፈለችው እርሷ ነበረች፤ ውሉ ሲፈረም ግን ማንም አልጠራትም።

ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። ኮከብ አይገዛ አንልም። ምሰሶው ብቻ ለጎደለው ቤት ምሰሶ ይገዛ፤ ግድግዳ ለሌለው ግን ምሰሶ ቢያቆሙለት ዝናሙን አያስጥልም። ገዢውም ሰውዬው ቢሳካለት ምን እንደሚያገኝ ከማሰላሰሉ በፊት፣ በመጀመሪያው ቀን ቢወድቅ ምን እንደሚተርፈው ቆጥሮ ይፈርም። የሦስት ዓመት ጥጃ የሸጠ ሥራ አስኪያጅ ሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ብዙ ጊዜ በወንበሩ ላይ አይገኝም፤ ዕዳውን የሚከፍሉት ኋላ የሚመጡት ናቸው።

ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ ከመባዛቱ በፊት አንብቦ፣ «ዋንጫ ያልበላ ሰው ስለ ዕዳ ይሰብካል» ብሎናል። መልሱን ለሚቀጥለው እትም ጽፎ ያቅርብ፤ እኛም በደስታ እናነበዋለን።