እስከ ቀትር የሚቆለፍ ቤት

ዋሽንግተን ውስጥ ስሚዝሶኒያን ከሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ በኢንዲፔንደንስ ጎዳና በኩል ለሚወጣ መንገደኛ፣ አጠገቡ የተዘረጋው ግዙፍ ሕንፃ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደቡብ ሕንፃ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1930ዎቹ ተሠርቶ ሲያልቅ ከዓለም ትልቁ የቢሮ ሕንፃ እሱ ነበር፤ በኋላ ፔንታጎን በለጠው። በዚያ ከተማ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ በደጃፉ ያልፋሉ። በወር አንድ ቀን፣ ልክ በእኩለ ቀን፣ የዓለም የእህል አቅርቦትና ፍጆታ ግምት የሚወጣው ከዚህ ነው።

የሪፖርቱ ዕለት ገና ሳይነጋ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ክፍል ይቆለፋል። ዘበኛ በር ላይ ይቆማል፣ መስኮት ይጋረዳል፣ ስልክና ኢንተርኔት ይቋረጣል። የገባ ሰው ቁጥሩ ይፋ ሳይሆን አይወጣም። ከዋና ዋናዎቹ አምራች ክፍለ ግዛቶች የሚመጣው መረጃ እንኳ ተመስጥሮ ይደርስና የሚፈታው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ያመጣው ቅሌት ነው። በ1905 ኤድዊን ሆልምስ የተባለ የመሥሪያ ቤቱ ስታቲስቲክስ ባለሙያ የጥጥ ምርት ግምትን ለነጋዴዎች አስቀድሞ ሲያሾልክ ተደረሰበት። የመስኮት መጋረጃ ከፍ ዝቅ እያደረገ ውጭ ለቆመ ሰው ምልክት ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። ጥንቃቄው ዛሬም አልላላም። ጋዜጠኞች ቀድመው ገብተው ዜናቸውን የሚያዘጋጁበት አሠራር በ2018 ቀርቷል፤ ዜናውን ከእነሱ ገዝቶ በሰከንዶች የሚቀድም ነጋዴ እንዳይኖር ሲባል።

የቁጥሩ መነሻ ግን ማሳ ነው። በናሙና በተመረጠ የበቆሎ እርሻ ቆጣሪዎች ሁለት ቦታ ይለያሉ፤ በየቦታው 15 ጫማ የሚረዝሙ ሁለት መስመሮች ለክተው አገዳውንና የያዘውን እሸት አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ሲደርስም ፈልፍለው ይመዝናሉ። ገበሬዎች ይጠየቃሉ፤ የሳተላይት ምስልም ይታያል።

ከዚያ ሠንጠረዡ ይመጣል። ከአምና የተረፈው፣ የዘንድሮው ምርትና ከውጭ የገባው ተደምሮ አቅርቦት ይባላል። ለምግብ፣ ለዘር፣ ለፋብሪካ፣ ለመኖና ለውጭ ገበያ የሄደው ተቀንሶ የሚቀረው ለከርሞ የሚሻገር ክምችት ነው። ነጋዴው መጀመሪያ የሚያየው ይህችን የመጨረሻ መስመር ነው፤ ዋጋ የሚወጣው የሚወርደውም በእሷ ነው።

ከመስመሮቹ ሁሉ ከባዱ መኖ ነው። አሜሪካ በ2023 ያመረተችው በቆሎ ከ15 ቢሊዮን ቡሼል በላይ፣ ማለትም 390 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። ከዚህ ሲሶው ግድም ወደ ኢታኖል ፋብሪካ ይሄዳል፤ ፋብሪካው ያመረተው ስለሚመዘገብ የወሰደው ይታወቃል። ወደብ የደረሰውም ይመዘናል። በየግርግሙ የተበላውን ግን የሚመዝን የለም። ስለዚህ በዓመት አራት ጊዜ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ፣ በመጋቢት፣ በሰኔና በመስከረም መባቻ፣ በገበሬውና በነጋዴው ጎተራ ያለው እህል ይጠየቃል። መኖር ሲገባው ያልተገኘው፣ የት እንደገባም ያልተመዘገበው በቆሎ «መኖና ቀሪ» በሚባለው ዓምድ ይገባል። የምርት ግምቱ ራሱ ተሳስቶ ከሆነም ስህተቱ የሚያርፈው እዚያው ነው። እኔ ከሠንጠረዡ ሁሉ የማከብረው ይህን ዓምድ ነው። የማይታወቀው ነገር ስም ተሰጥቶት፣ ሁሉም እንዲያየው ተቀምጧል።

የውጭ ሽያጩም የራሱ ታሪክ አለው። በ1972 ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካ ኩባንያዎች እጅግ ብዙ ስንዴ በዝምታ ገዛች፤ ገበያው ሲነቃ ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን 100,000 ቶንና ከዚያ በላይ የሸጠ ላኪ በማግስቱ የሥራ ቀን እንዲያሳውቅ ይገደዳል።

የእኛም አገር ስንዴና በቆሎ በዚህ ሕንፃ ይገመታል፤ አዲስ አበባ ካለው የአሜሪካ ኤምባሲ በየጊዜው ዘገባ ይላካል። የስንዴ ግምታቸው ከመንግሥታችን መግለጫ በእጅጉ የሚርቅበት ጊዜ አለ። ይህ ሊያስቆጣን ሳይሆን ሊያሠራን ይገባል። የእኛም የስታቲስቲክስ አገልግሎት ቆጣሪዎች በናሙና ማሳ ላይ አራት በአራት ሜትር ለክተው፣ አጭደውና ወቅተው ምርት ሲመዝኑ ዓመታት አስቆጥረዋል። መሠረቱ አለ። የምርት ቁጥር ብቻውን ግን ክርክር አይፈታም፤ የሚፈታው ጎተራ ውስጥ ያለውን መቁጠር ነው። ያለውን እህል ያላወቀ መንግሥት ድርቅ ሲመጣ መቼ ግዢ እንደሚፈጽም በምን ያውቃል? የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ የምርት፣ የክምችትና የፍጆታ ቁጥሩን በአንድ ሠንጠረዥ አድርጋችሁ፣ አስቀድሞ በታወቀ ቀንና ሰዓት አውጡልን፤ የአርሲ ገበሬና የእህል በረንዳ ነጋዴ እኩል ይስሙት።